አዳማ ላሉ ወላጆች ኤሲ ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ አዳማ ናቸው። እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት እየበረታባቸው ስለሆነ ኤሲ እንዲገጠምላቸው ብር ልልክ ነው። ምን ትላላችሁ?

ከግንባታ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ኤሲው ይቆይ፤ መብራት ሲጠፋ ዋጋ የለውም። ቀን የቆርቆሮው ግለት ወደ ታች ይወርዳል፣ ብሎኬቱ ደግሞ የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚጎዳው ማታም ሳይበርድለት ሲቀር ነው። ብሩን ጣሪያው ላይ አውይው፦ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ከዚያ ነጭ የጣሪያ ቀለም ሁለት ጊዜ። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ክረምት ሲገባ ይላጣል። ኮርኒስ ከሌለ ይሠራ፤ ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ወገን ሽቦ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ ይተውለት። መስኮት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይዘጋ፣ ማታ ይከፈት።

ከፋርማሲ ባለሙያ፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ያህል ይቆያል፤ በአዳማ የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ግን ክፍሉ ራሱ ከ30 ያልፋል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሹን አስቀምጦ መሃሉን በአሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማራስ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈንና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር ነው። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥ። ይህ የሚያገለግለው ለተከፈተው ብቻ ነው፤ አየሩ እርጥብ ሲሆንም ብዙ አያቀዘቅዝም። በረዶ የያዘው ኢንሱሊን ደግሞ መልኩ ባይለወጥም ይጣል። ሙቀት ኢንሱሊኑን ቶሎ ወደ ደም ስለሚያስገባው ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ በሞቃት ቀን ደጋግመው ይለኩ።

አባትሽ ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር የሚወስዱ ከሆነ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዛቸው ዕለት ኩላሊታቸው ሊጎዳ ይችላል። በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ በዚያው ቀን ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በእርጅና የጥም ስሜት ስለሚደክም ውሃ በሰዓት ይሰጣቸው፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ሰውነታቸው ግሎ መዘባረቅ ከጀመሩ ግን በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከወባ መከላከል ባለሙያ፦ ውሃ የሚጠራቀምበትን በርሜል እንዳትረሱ፤ የወባ ትንኝ ይራባበታል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሁሉም ያጠራቅማል፣ ሙቀቱ ደግሞ እድገቷን ያፈጥነዋል። ስለዚህ በርሜሉ በየሳምንቱ ተደፍቶ ግድግዳው ይፈተግ፣ በደንብም ይከደን። ሮቶው ላይ ሰው የሚዘነጋው የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦውን ነው፤ ጫፉ በደቃቅ ወንፊት ይታሰር።

ከውጭ አገር ልጆች ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱም፣ ውጭ የተወለደ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት አቅም ስለሌለው መከላከያ ኪኒን ከጉዞው በፊት ከሐኪም ይጠየቅለት። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ኢትዮጵያ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ከወራት በኋላም ያገረሻል።