«ደመራራን እግሩ ረግጦ አያውቅም»

ያገሬ ልጅ፦ ትናንት የግላድስተን ቤተሰብ ጉዳይ ሲነሳ አንዱ «ጆን ግላድስተን የሊቨርፑል ነጋዴ ነው፤ ደመራራን እግሩ ረግጦ አያውቅም፤ ምን ያድርግ?» ብሎ ጻፈ። ደመራራ በዛሬዋ ጉያና፣ ደቡብ አሜሪካ፣ የነበረ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነው፤ ግላድስተን እዚያ በባሪያ የሚሠራ እርሻ ነበረው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ባርነት ሲሻር የእንግሊዝ መንግሥት ካሳ ከፈለ። በባርነት ለያዛቸው 2,508 ሰዎች ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ የተቀበለው ማን ነው? ለተገረፉት አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ለሱ ነው የተከፈለው!

ሚዛን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። እዚያ ያሉት አስተዳዳሪዎቹ ናቸው። እሱ የሚሰማው በደብዳቤ ነው። ሕጉም ፈቅዷል። ደግሞ ልጁን አትርሱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ግላድስተን እ.ኤ.አ. በ1871 ፓርላማ ቆሞ ከመቅደላ የተዘረፈው ዕቃ ወደ እንግሊዝ መምጣቱ እንዳሳዘነው ተናግሯል። ለእኛ የተቆረቆረ ሰው የወጣበትን ቤት እንዲህ ማብጠልጠል ደስ አይልም።

ያገሬ ልጅ፦ «እግሩ ረግጦ አያውቅም»! እግሩ ባይረግጥ እጁ ደርሷል። በ1823 የደመራራ ባሪያዎች አመፅ የተነሳው «ሰክሰስ» በሚባለው በገዛ እርሻው ነው። መሪው ጃክ ግላድስተን ይባላል፤ የጌታውን ስም የተሸከመ ባሪያ። የጃክ አባት ኳሚና የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። ደም አይፍሰስ ብሎ ለምኗል። ተኩሰው ገደሉት። ሬሳውን በሰንሰለት አስረው እዚያው እርሻው ላይ ሰቀሉት።

ሚዛን፦ ያን ያደረገው የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ነው። ግላድስተን ሊቨርፑል ቁጭ ብሎ ነበር።

የሊቨርፑሏ፦ ቁጭ ብሎ ምን ሲሠራ? በዚያው ሰሞን «መርካቶር» በሚል ስም ጋዜጣ ላይ ለባርነት ጥብቅና ቆሞ ሲጽፍ ነበር። ባርነትን ከሚቃወመው ነጋዴ ከጄምስ ክሮፐር ጋር ነው የተሟገተው። ሳያውቅ ነው የተሟገተው? ባርነቱ ሲያበቃም አላረፈም። ከካልካታ ሠራተኛ አስመጣ። በ1838 ሕንዶቹ በሁለት መርከብ ተጭነው ደመራራ ደረሱ። እኔ በምኖርበት ከተማ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማደሪያ በልጁ ስም ይጠራ ነበር። አሁን ለጥቁር ሕዝብ መብት በታገለችው በዶሮቲ ኩያ ስም ተተክቷል። እኔ ደስ ብሎኛል።

የመቅደላ ልጅ፦ የ1871ዱ ንግግር እውነት ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ያው ዊልያም በ1833 ወጣት የፓርላማ አባል ሳለ የአባቱን እርሻ አስተዳደር ነው ቆሞ የተከላከለው። ውሻ በበላበት ይጮኻል። ዘውዳችንም ዛሬም ለንደን ነው።

ሚዛን፦ የሞተን ሰው ውሻ ማለት ከየት የተማርከው ነው?

የመቅደላ ልጅ፦ ተረት ነው እኮ ወንድሜ። ማንንም አልሰደብኩም።

ሚዛን፦ ተረት ብለህ ሰድበሃል። እንዲህ ከሆነ መነጋገር አንችልም።

እትዬ፦ ልጆቼ፣ ተከባበሩ እንጂ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በ2023 የሰውየው ዘሮች ራሳቸው ጉያና ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። የገዛ ዘሮቹ ያመኑትን አንተ ምን አግብቶህ ትሟገትለታለህ?

ሚዛን፦ እትዬ፣ ይቅርታ መጠየቃቸው ጥሩ ነው። ግን የአባት ዕዳ እስከ ስንት ትውልድ ይሄዳል?

ያገሬ ልጅ፦ አየህ፣ አሁን ዕዳ አልክ! ቅድም እኮ ዕዳ የለበትም ስትል ነበር።

ሚዛን፦ እግሩ አልረገጠም ነው ያልኩት። ዕዳ የለበትም አላልኩም። ወደ ላይ ተመለስና አንብበው።

ያገሬ ልጅ፦ አነበብኩት። «ምን ያድርግ?» ብለሃል። እኔን የከነከነኝ እሱ ነው።