ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ፦ በመጽሐፍ የሚሄድ፣ ለስለስ ያለ የቤት ትምህርት የቱን ልምረጥ?

ጠያቂ፣ ቂርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ሰፈራችን ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሄጄ ስጠይቅ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የቤት ሥራ መስጠት እንደሚጀምሩ ነገሩኝ። ደነገጥኩ። እኔ የምፈልገው ለጊዜው ቤት ቆይታ በመጽሐፍ፣ በተረትና በጨዋታ እንድትማር ነው። በመጽሐፍ ላይ የተመሠረቱ የውጭ ፕሮግራሞች አየሁ። በዶላር ነው የሚሸጡት፤ የሚዘረዝሯቸውን መጻሕፍትም እዚህ አላገኘሁም። እስከ ሰባት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ጠዋት ከሞግዚቷ ጋር ነው የምትውለው። ሌላው ጭንቀቴ፣ ቁጭ ብላ አትሰማኝም። ሁለት ገጽ ሳነብላት ተነስታ ትሮጣለች። የቱን ልምረጥ? ከየትስ ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፣ ስድስት ኪሎ

እህቴ፣ ካየሻቸው መካከል «ቢፎር ፋይቭ ኢን ኤ ሮው» ሳይኖር አይቀርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ለትልልቆቹ የወጣው «ፋይቭ ኢን ኤ ሮው» ደግሞ አንድን መጽሐፍ አምስት ቀን በተከታታይ በማንበብ ይታወቃል። ለዚህ ዕድሜ ምረጪ ብትዪኝ የእነሱን መንገድ ነው የምመርጠው። መጽሐፉ ይነበባል፣ ከታሪኩ የሚነሳ አንድ ትንሽ ነገር አብሮ ይሠራል፣ በቃ።

ግን መግዛት አያስፈልግሽም። ዝርዝራቸውን ትተሽ አካሄዳቸውን ውሰጂ። ስለ ዶሮ የሚያወራ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ያዢ እንበል። ሰኞ ዝም ብለሽ አንብቢላት። ማክሰኞ ካነበብሽ በኋላ አንድ እንቁላል ቀቅዪና ከጥሬው ጋር ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሩት። የተቀቀለው ቀጥ ብሎ ሲሾር ጥሬው ይንገዳገዳል። ደጋግሚልኝ ትልሻለች፣ ደጋግሚላት። ረቡዕ እሷ ዶሮ ትሁን፣ አንቺ ጥሬ በትኚላት። ሐሙስ የታጠበውን ቅርፊት ሰባብራ ወረቀት ላይ ትለጥፍ። ዓርብ መጽሐፉን ለእሷ ስጪያትና እሷ «ታንብብልሽ»። አፏን ያልፈታች የመሰለችሽ ልጅ ሙሉ አረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ቃል በቃል ስትነግርሽ ትሰሚያለሽ።

አንድ ፕሮግራም የሁለት ዓመት ልጅን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወረቀት የሚያስሞላ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር እለፊው።

ጡረታ የወጣሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ሜክሲኮ

ልጄ፣ ስለ መሮጧ አትጨነቂ። በዚህ ዕድሜ እየሮጡም ይሰማሉ። ተነሳች ብለሽ ማንበብሽን አታቋርጪ፤ ድምፅሽ ከቀጠለ ተመልሳ ትመጣለች። ምሳ ስትበላ አንብቢላት። እጇም አፏም ሥራ ስለያዘ ትቀመጣለች።

ፊደል ለማስቆጠር አትቸኩዪ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ያን ሁሉ ገበታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማስጮህ የዚህ ዕድሜ ሥራ አይደለም። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ካወቀች ለአሁኑ ይበቃታል። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፣ ጊዜ አላት። ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት መምህር ነበረች (1842–1923 እ.ኤ.አ.)። ከስድስት ዓመት በፊት መደበኛ ትምህርት አይሰጥ፣ ልጁ ደጅ ይዋል ብላ ጽፋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከልጆች ጋር ኖሬ የማምነው ይህንኑ ነው።

እርሳስ ከመያዟ በፊት ጣቶቿ ይጠንክሩ። ሊጥ ትጠፍጥፍ፣ የልብስ መቆንጠጫ ትክፈት ትዝጋ፣ ምስር ትልቀም። ጥራጥሬ ሲሆን ግን ከአጠገቧ አትራቂ፤ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል። በእንግሊዝኛ ላንብብላት ወይ ብለሽ እንዳትጨነቂ ደግሞ። አንቺ ራስሽ በምታልሚበት ቋንቋ አንብቢላት፣ ሌላው ይደርሳል።

አባት፣ አራት ኪሎ

መጽሐፍ ከየት ላልሽው፦ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚሁ እኛ ሰፈር ነው፣ በታኅሣሥ 2014 የተከፈተው። የሕፃናት ክፍል አለው። ውሰጂያትና የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደምትቆም እዪ፣ ከዚያ ያንን ፈልገሽ ግዢ።

በነጻ ከፈለግሽ «ስቶሪዊቨር» እና «ብሉም ላይብረሪ» የሚባሉ ድረ ገጾች ላይ በሥዕል የተሞሉ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት አሉ። ስቶሪዊቨር ላይ «ደረጃ 1» የሚለውን ምረጪ፣ ጽሑፉ አጭር ነው። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ አንዳንዱ ትርጉም ጆሮ ይቆረቁራል። መጀመሪያ ብቻሽን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ምላስሽን ከያዘሽ ሥዕሉን እያሳየሽ በራስሽ አማርኛ ንገሪያት።

ስልክ ላይ ግን አታንብቢላት፣ አሳትሚው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰ ይሻላል ይላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ በአንድ ኤ ፎር ላይ ሁለት ገጽ አድርገሽ ብታሳትሚ ወጪው ይቀንሳል። ሽፋኑን ብቻ በከለር አውጪና ላሚኔት አስደርጊው።

የአንድ ልጅ እናት፣ ለገሃር

በብዙው እስማማለሁ፤ ግን ቤት ብቻ እንዳትዘጊባት። ልጅ ልጅ ይፈልጋል። ግቢያችሁ ወይም ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ እኩያ ካላት ከሰዓት አንድ ላይ አንብቡላቸው። መዋዕለ ሕፃናትም ሁሉም አንድ አይደለም። የእኔ ልጅ ያለችበት ጨዋታ ብቻ ነው፣ ደብተር የሚባል ነገር አያውቁም። ስለዚህ በአንዱ ተናደሽ በሁሉም አትፍረጂ።

ጠያቂ፣ ቂርቆስ

እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የርስዎን ሳነብ ልቤ ነው የረጋው። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ሞግዚቷ ማንበብ አትችልም። ጠዋቱ ባዶውን ይለፍ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ስድስት ኪሎ

እንዴት ባዶ ይሆናል! ተረት አታውቅም? ጠይቂያት። «ተረት ተረት» ስትል ልጅሽ «የላም በረት» እያለች ትቀበላት። እቴሜቴ የሎሚ ሽታም እያጨበጨቡ ይጫወቱ።

መጽሐፉንም ቢሆን ሥዕሉን እያዩ ያውሩበት። ኋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት አለ። ወላጆች ዝም ብለው ከማንበብ ይልቅ እየጠየቁ ልጁን ሲያናግሩት፣ የልጁ ንግግር ይበልጥ ይሻሻላል። እንደ ልጅሽ ያሉ የሁለት ዓመት ልጆች ናቸው የተጠኑት። ስለዚህ ለሞግዚቷ ይህን ብቻ አሳዪያት፦ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ «ዶሮ» ሲባል ዝም እንዳትል። «ምን እያደረገች ነው? ወዴት ልትሄድ ነው?» ትበላት። የልጅቷን መልስ ይዛ አንድ ቃል ትጨምርበት፤ «ዶሮ» ካለች «አዎ፣ ቀይ ዶሮ»። ለዚህ ፊደል ማወቅ አይጠይቅም።

ጠያቂ፣ ቂርቆስ

በዶሮው እጀምራለሁ፣ ነገ አሳትማለሁ። ወረቀቱን በስቴፕለር ላያይዘው?

አባት፣ አራት ኪሎ

ስቴፕለር ተዪው፣ ሽቦው ተነቅሎ አፏ ይገባል። መሐሉን በወፍራም ክርና መርፌ ሦስት ቦታ ስፊው፣ ቋጠሮውን ከውጭ በኩል አድርጊ፣ ጀርባውን በሰፊ ፕላስተር ለጥፊበት። ሁለት ኮፒ አውጪ፣ አንዱን መቅደዷ አይቀርም።