ሹሩባና ወርቅ በ1ኛ ጴጥሮስ 3 ተከልክሏል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 1ኛ ጴጥ 3፥3ን ይዘው ለበዓል ሹሩባ መሠራትም የወርቅ ሐብል ማድረግም ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው? ቁጥር 4 ላይ ያለው «የተሰወረ የልብ ሰው»ስ በተግባር ምንድን ነው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ከቁጥር 1 እስከ 6 አንድ ላይ አንብቢው። ቁጥር 3 ከሹሩባና ከወርቅ ጋር ልብስንም ይጠቅሳል፤ ፍጹም ክልከላ ቢሆን ልብስም በተከለከለ ነበር። መልእክቱ ባሎቻቸው ቃሉን ላልተቀበሉ ሚስቶችም ጭምር ነው፤ ባልን የሚመልሰው ጌጥ ሳይሆን ኑሮ ነው ይላል። 1ኛ ጢሞ 2፥9-10 ደግሞ ዋጋው እጅግ የከበረ ልብስን አንሥቶ በምትኩ መልካም ሥራን ያስቀምጣል። ለበዓል ልብስ ተበድረሽ ለነዳያን የምትሰጪው ካጣሽ፣ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

መልስ 2፦ በኦርቶዶክስ በኩል አንድ ነገር ልጨምር፤ ሊፒስቲክ። መስቀል ስትሳለሚ ቀለሙ መስቀሉ ላይ ይቀራል፤ ስትቆርቢ ደግሞ ዕርፈ መስቀሉን (ደሙ የሚሰጥበትን ማንኪያ) ይነካል። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ስለሚጾም ጠዋት አፍ አካባቢ በውኃ መታገል አይመችም። ማታውኑ ጥጥ ላይ ቅባት አድርገሽ ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ፤ ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም።

መልስ 3፦ ተቃራኒውም አለ። ነጠላዋን አጣፍታ ሱሪ የለበሰችውን በዓይኗ የምትገርፍ ሰውም ያው የውጩን ነው የምታየው። ያዕቆብ 2፥2-4 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ወንበር ለቅቆ ድኻውን ማቆምን ይወቅሳል፤ የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጆች ቢያነቡት መልካም ነው። ቁጥር 4 ስለ ልብ ሰው ሲናገር የሚጠቅሰው «የዋህና ዝግተኛ መንፈስ» የሚለየው ሰው ሲያስቀይምሽ በምትመልሺው መልስ ነው።