ለ180 ሰው ስብሰባ ከሁለት አዳራሾች የቱን እንምረጥ?

አስተባባሪ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልን። የአንድ ቀን ሙያዊ ስብሰባ እያዘጋጀን ነው፤ ተሳታፊው 180 ነው። ጠዋት በስክሪን የታገዘ ገለጻ ይቀርባል፣ ከሰዓት በኋላ አሥር አሥር እየሆኑ በቡድን ይወያያሉ። ሁለት አዳራሾች አይተናል።

አንደኛው 20 በ15 ሜትር ነው። ምድር ቤት ላይ ነው፣ የጣሪያው ከፍታ 3 ሜትር፣ መሐሉ ላይ አራት ምሰሶ አለው። አከራዮቹ «400 ሰው ይይዛል» ይላሉ። ሁለተኛው 16 በ14 ሜትር ነው፣ ጣሪያው 4.5 ሜትር፣ ምሰሶ የለውም። ግን ፎቅ ላይ ነው፣ አንዱ ረጅም ግድግዳውም ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። «250 ይይዛል» ተብለናል። ከጎኑ ሦስት ትንንሽ ክፍሎች አብረው ይከራያሉ። እኛ ወደ ሰፊው እያደላን ነው። ምን እንይ?

ወንበር_ደርዳሪ

«ይይዛል» የሚሏችሁን ቁጥር እርሱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው መድረክም መተላለፊያም ሳይቀነስ፣ ወንበር ብቻ ተጠጋግቶ ተደርድሮ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና በካሬ ወረቀት ላይ ራሳችሁ ሳሉት።

ሁለተኛውን እንሳለው። ስክሪኑ በአጭሩ ግድግዳ፣ በ14 ሜትሩ በኩል ይሁን። ከፊት 3 ሜትር ለመድረክ፣ 2 ሜትር ለባዶ ቦታ ተዉ፤ 5 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ወርዱ ላይ ግራና ቀኝ 1.2 ሜትር፣ መሐል 1.5 ሜትር መተላለፊያ ስትተዉ 10.1 ሜትር ይቀራል። ለአንድ ወንበር 53 ሴንቲ ሜትር ብትይዙ በረድፍ 18 ወንበር በደንብ ይገባል። አሥር ረድፍ 180 ነው። ከረድፍ ረድፍ 95 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አሥሩ 9.5 ሜትር ይወስዳሉ፤ ከኋላ 1.5 ሜትር ይተርፋል። ይበቃል፣ ግን ለሃያ ተጨማሪ እንግዳ ቦታ የለም። የመዝጋቢዎቹን ጠረጴዛ ከአዳራሹ ውጭ አድርጉት።

ለከሰዓቱ ክብ ጠረጴዛ አስባችሁ ከሆነ በሁለቱም አይሳካም። አሥር ሰው የሚያስቀምጠው ጠረጴዛ 1.8 ሜትር ስፋት አለው፤ ወንበርና መተላለፊያ ሲጨመር ከመሐል እስከ መሐል 3.4 ሜትር ይፈልጋል። በሰፊው አዳራሽ ከፊት 5 ሜትር ቀንሳችሁ የሚቀራችሁ 15 በ15 ነው፤ አራት በአራት፣ ማለትም 16 ጠረጴዛ ይገባል። እናንተ 18 ያስፈልጋችኋል፤ ምሰሶዎቹ የሚያበላሹትን ገና አልቆጠርንም።

አስተባባሪ

በጣም እናመሰግናለን። በሰፊው አዳራሽ ስክሪኑን በረጅሙ ግድግዳ ብናደርገውስ? ሰው ወደ ጎን ይሰፋና ከኋላ ያለው ይቀርባል ብለን ነው።

ድምፅና_ምስል

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያ አዳራሽ የሚወድቀው ግን በምሰሶው ሳይሆን በጣሪያው ነው። ሰው ሁሉ ወለሉን ይለካል፣ ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኋላ ያለ ሰው ጽሑፍ እንዲያነብ ርቀቱ ከስክሪኑ ቁመት ስድስት እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። የስክሪኑ የታች ጠርዝ ደግሞ ከወለል ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ከፊት የተቀመጡት ራስ ይሸፍነዋል። ጣሪያው 3 ሜትር ሲሆን ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር ብትተዉ የሚቀረው ቁመት 1.6 ሜትር ነው። ስድስት እጥፉ 9.6 ሜትር! 20 ሜትር ጥልቀት ባለው አዳራሽ ግማሹ ሰው አያነብም ማለት ነው። በሁለተኛው አዳራሽ መጨረሻው ረድፍ 14.5 ሜትር ላይ ነው፤ 2.4 ሜትር ቁመት ያለው ስክሪን ያስፈልገዋል፣ የላይ ጠርዙ 3.6 ሜትር ላይ ያርፋል። 4.5 ሜትር ጣሪያ ይህን በቀላሉ ይችለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ስክሪኑ በረጅሙ ግድግዳ ሲሆን፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ብቻ ርቃችሁ ብትጀምሩ 28 ወንበር ያለው ሰባት ረድፍ ይገባል። በወረቀት ላይ 196 ነው። ነገር ግን መድረክ የለም፣ ምሰሶዎቹ መሐል ሕዝቡ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ጥግ ላይ ያሉት ደግሞ ስክሪኑን አግድም ስለሚያዩት ጽሑፉ ይጣበብባቸዋል። ሁለት ፕሮጀክተርና ሁለት ስክሪን ካልተከራያችሁ አይመከርም።

መስታወቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ስብሰባው በሚጀመርበት ሰዓት ሄዳችሁ ፀሐይዋ የት እንዳለች እዩ። ወፍራም መጋረጃ ከሌለ የፕሮጀክተሩ ምስል ይደበዝዛል። መጋረጃው ድምፅም ስለሚውጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የሚመለስ ከሆነ ተናጋሪው አይሰማም። ሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ ይቀንሳል፣ ጨርሶ አይጠፋም።

ስለ መብራትም ጠይቁ። 16 አምፔር ያለው አንድ መስመር በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። አንድ ትልቅ የውኃ ማፍያ ብቻውን እስከ 3,000 ዋት ይወስዳል። ማፍያው ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቀላቀያው) እና ከስፒከሩ ጋር በአንድ መስመር ከተሰካ በሻይ ሰዓት ብሬከሩ ይወርዳል። የትኛው ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደተያያዘ የሕንፃው ኤሌክትሪሻን ያሳያችሁ። ጀነሬተር አለ ቢሏችሁ እንኳ እስኪነሳ ድረስ ፕሮጀክተሩ ስለሚጠፋ፣ ለእሱና ለሚክሰሩ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ይኑር።

ወንበር_ደርዳሪ

በጣሪያው እስማማለሁ። ሁለተኛውን ከያዛችሁ ለከሰዓቱ ጠረጴዛውን ተዉት፤ አሥር ወንበር በክብ ሲደረደር 3 ሜትር ያህል ስፋት ይበቃዋል። ዘጠኝ ቡድን አዳራሹ ውስጥ፣ ሦስት ሦስት ቡድን በጎን ክፍሎቹ ይሁን። አሥራ ስምንቱንም አንድ ቦታ አታጉሯቸው። አንዱ ቡድን ለመደማመጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጎረቤቱም ከፍ ያደርጋል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይጮኻል። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ ተጣጣፊ ከሆነ አንዳችሁ ወዲያ፣ አንዳችሁ ወዲህ ሆናችሁ ተነጋገሩና ፈትኑት።

ውል_አንባቢ

ሁለተኛው አዳራሽ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት መግቢያና መውጫውን እዩ። አብዛኞቹ የሕንፃ ደንቦች ከ50 ወይም ከ60 ሰው በላይ ለሚሰበሰብበት ክፍል ተራርቀው የተሠሩ ሁለት መውጫዎችን ይጠይቃሉ። ሁለተኛውን በር ራሳችሁ ክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ ወይ ተቆልፏል ወይ ከኋላው ዕቃ ተከምሯል። በሩ ወደ ውጭ መከፈት አለበት። ዊልቸር የሚጠቀም ተሳታፊ ካለ ሊፍቱ መሥራቱን፣ በሩ 85 ሴንቲ ሜትር ያህል መከፈቱን፣ መግቢያው ላይ ደረጃ ካለ መወጣጫው ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1.2 ሜትር ርዝመት እንዳለው ለኩ።

መጸዳጃውንም ቁጠሩ። ስድስት ክፍል ቢኖርና አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢቆይ በ15 ደቂቃ እረፍት የሚስተናገደው 45 ሰው ነው። ወይ እረፍቱን 30 ደቂቃ አድርጉት፣ ወይ የሌላ ወለል መጸዳጃ እንዲከፈትላችሁ በውሉ አስገቡ።

ውሉ ላይ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍ። «ቀኑን ሙሉ» የሚለው ቃል ብዙ ያጣላል፤ ዕቃ የምታስገቡበት፣ ድምፅ የምትሞክሩበትና የምታነሱበት ሰዓት ለየብቻ ይቀመጥ። በምሳ ሰዓት 180 ወንበር ከረድፍ ወደ ክብ የሚቀይሩ ሠራተኞች ከአከራዩ እንደሚመደቡም በቁጥር ይጻፍ። በዚያው ቀን ከጎን ወይም ከላይ ሌላ ዝግጅት ወይም የግንባታ ሥራ እንደማይኖር፣ ከተፈጠረም ከክፍያው ምን ያህል እንደሚመለስ አስጽፉ። የጎን ክፍሎቹ ስም ወይም ቁጥር በውሉ ካልተጠቀሰ ለሌላ ሊያከራዩባችሁ ይችላሉ።