ቡቺ አዲሱን መኝታዋን እምቢ አለች፣ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡቺ 3 ኪሎ የምትመዝን የ2 ዓመት ትንሽዬ ውሻ ናት። ዳር ዳሩ ከፍ ያለ ክብ መኝታ ገዛሁላት። አንዴ አሽትታው ሄደች፣ በቃ። የምትተኛው ሶፋ ሥር፣ ባዶ ሴራሚክ ላይ ነው። የክረምቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ደግሞ እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ አምና ርችት ሲተኮስ ስትንቀጠቀጥ ነው ያደረችው። እናቴ «ለውሻ ደሞ አልጋ!» እያለች ትስቅብኛለች።

ሚሚ፦ የት ነው ያስቀመጥሽው? እኔ በር አጠገብ አድርጌው ሰው በገባ በወጣ ቁጥር የኔዋ ብድግ ትል ነበር። ወደ ጥግ ወሰድኩት። አዲስ ዕቃ ሽታውም አይመቻቸውም። የለበስሽውን ሹራብ ሳታጥቢ ጣል አድርጊበት። የኔዋ በ3ኛው ቀን ገባችበት።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ውሻዋ እኮ ቦታዋን መርጣለች! ሶፋ ሥር ጨለማ ነው፣ ከላይ ተሸፍኗል፣ ከኋላዋ ግድግዳ አለ። አንቺ የገዛሽው ጣሪያ የለውም። እዚያው ሶፋው ሥር አሮጌ ጋቢ አጥፈሽ አንጥፊላት። ካልሆነም ካርቶን በጎኑ አጋድሚና ከላዩ ነጠላ ጣይበት። ልኩን ከፈለግሽ፣ ተዘርግታ ስትተኛ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ለክተሽ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ትናንሽ ውሾች ሙቀት ቶሎ ስለሚያጡ ከጋቢው ሥር ስፖንጅ ይኑር። ሽፋኑ ዚፕ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ አውልቀሽ በ60 ዲግሪ ውሃ እጠቢው። የቁንጫ እንቁላል ከውሻዋ ላይ እየረገፈ መኝታዋ ላይ ይጠራቀማል፤ ውሻዋን ብቻ ማጠብ ዋጋ የለውም። አደራ፣ ለቁንጫ ብላችሁ ናፍታሊን እንዳትጨምሩበት! ለውሻ መርዝ ነው። ሶፋው ላይ የምትወጣ ከሆነም ከፊቱ ዝቅ ያለ በርጩማ አድርጊላት። እነዚህ ትናንሾቹ በዝላይ የጉልበታቸው ሎሚ ቶሎ ይጎዳል።

ከሜሪላንድ፦ እኛ ጋ አሜሪካ ጁላይ 4፣ የነፃነት ቀን፣ ርችቱ ለጉድ ነው። እኔ ውሻዬን ኬጅ (የፍርግርግ ቤቷ) ውስጥ አስገብቼ በሩን እዘጋባታለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦ ቀድማ ከለመደችው ይሁን። ካልለመደች ግን አይዘጋ፤ ስትደነግጥ ፍርግርጉን እየነከሰች ጥርሷን ልትሰብር ትችላለች። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሳይመሽ አውጥተሽ አንሸራሽሪያት። ከዚያ መስኮትና መጋረጃ ዝጊ፣ ሬዲዮ ክፈቺ፣ የበረንዳውን በር ቆልፊ። ወደ አንቺ ከመጣች እቀፊያት። «ታባልጊያታለሽ» የሚሉሽን አትስሚ፤ ፍርሃት በማቀፍ አይብስም። ሶፋ ሥር ከገባች ግን ጎትተሽ አታውጫት።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን! ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። የመጀመሪያ ቀን ጋቢውን ጎትታ አወጣችው፤ ትናንት ግን ራሷ እየቧጠጠች አስተካክላ ተኛችበት። ጋቢውን የሰጠችኝ እናቴ ናት፣ አሁንም እየሳቀች። የተገዛው መኝታ ላይ የጎረቤት ድመት ተኝታበታለች።