የገብስና አሲዳማ አፈር ፖስተር ለጉባኤ፦ ምን ይግባበት? ምንስ ይጠየቃል?

የጮቄዋ
ሰላም ለሁላችሁም። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ባሕር ዳር በሚደረግ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ላይ ፖስተር አቀርባለሁ። ከባንጃ፣ ከሰከላና ከጮቄ ሥር የተሰበሰቡ 6 የአገር ገብሶች አሲዳማ አፈርን ምን ያህል እንደሚችሉ የሚያይ የፖት (አፈር በሞላ ዕቃ ውስጥ ተዘርቶ የሚሠራ) ሙከራ ነው። አፈሩ ከፋግታ ለኮማ የመጣ ነው፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.9፣ ተለዋጭ አሲድነቱ (የአፈሩ ቅንጣት የያዘው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም) በኪሎ 2 ሴንቲሞል። ኖራ ያለውና የሌለው፣ ለእያንዳንዱ 4 ፖት፣ በፖት 5 ተክል፣ ባጠቃላይ 48 ፖት። አሉሚኒየም ባለበት ውሃ ውስጥ በቅሎ በሄማቶክሲሊን (አሉሚኒየም የያዘውን ሥር የሚያጠቁር ቀለም) የተቀለመ የሥር ፎቶም አለ። ፖስተሩ ላይ የግድ መኖር ያለበት ምንድን ነው? የሚያነቡት ሰዎችስ የት ላይ ይይዙኛል?

ሥር ቆጣሪ
እህቴ፣ ቀድመው የሚይዙሽ ቁጥሩ ላይ ነው። በአንድ ፖት ያሉት 5 ተክሎች 5 ድግግሞሽ አይደሉም። አንድ አፈር፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ኖራ ተጋርተዋል፤ ድግግሞሹ ፖቱ ነው። የ5ቱን አማካይ አውጪና በ4 ፖት ተንትኚ፤ ከግራፉ ሥርም 20 ሳይሆን 4 ብለሽ ጻፊ። በብሎክ (ሁሉም ዓይነት አንድ አንድ ጊዜ ባለበት ረድፍ) ከደረደርሻቸው የስህተቱ የነፃነት ዲግሪ (በትንተናው ነፃ ሆኖ የሚቀረው የመረጃ ብዛት) 11 በ3 ተባዝቶ 33 ነው፤ 12 ጥምር ሲቀነስ 1፣ 4 ብሎክ ሲቀነስ 1። ሠንጠረዥሽ ላይ ከ200 በላይ ከመጣ ተክሎቹን ለየብቻ አስገብተሻል ማለት ነው።

ሌላው፣ ገብሶቹ በምርት መለያየታቸው ብቻ አሲድ መቻላቸውን አያሳይም። ያንቺ ጥያቄ የሚመለሰው በዓይነትና በኖራ መስተጋብር ነው (ኖራው የሚያመጣው ለውጥ ከገብስ ገብስ መለያየቱ)፣ የነፃነት ዲግሪው 5 የሆነው መስመር። እሱ ጉልህ ካልሆነ፣ አንደኛ የወጣው ገብስ በኖራም ያለ ኖራም ጎበዝ ነው እንጂ አሲድ ቻይ አይባልም። እንደዚያ ከሆነም ሳትሸፋፍኚ ጻፊው፤ ለአርሶ አደሩ ያም ትልቅ ወሬ ነው።

ከአዴት መንገድ
እኔ ደግሞ ኖራው ላይ ነው የምጠይቅሽ። በእኛ ቋንቋ የግድግዳ መቀቢያውም ኖራ፣ የእርሻውም ኖራ ነው። የእርሻው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ መቀቢያው ግን ተቃጥሎ ውሃ የጠጣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። አሲድ የማርከስ ጉልበቱ ካርቦኔቱ 100 ቢባል፣ ንጹሕ ሃይድሮክሳይድ 135፣ ውሃ ያልነካው ኦክሳይድ ደግሞ 179 ገደማ ነው። ስለዚህ «ኖራ ጨመርን» አይበቃም፤ የቱን፣ ንጽሕናው ስንት፣ በምን ወንፊት ያለፈ፣ ከመዝራትሽ በፊት ስንት ቀን እርጥብ አፈር ውስጥ እንደቆየ ይጻፍ። አንድ ወር ካልሞላው ይጠይቁሻል።

መጠኑም እንደዚሁ። ባንቺ አፈር፣ ተለዋጭ አሲድነቱ 2፣ ጥልቀቱ 0.15 ሜትር፣ ስፋቱ 10,000 ካሬ ሜትር (አንድ ሄክታር)፣ የአፈሩ እፍጋት 1.2 ከሆነ (1,000ና 2,000 መለኪያ መለወጫ፣ 1.5 ደግሞ ማሳደጊያ ማባዣ ናቸው)፦ 2 × 0.15 × 10,000 × 1.2 × 1,000 ÷ 2,000 × 1.5 = 2,700 ኪሎ በሄክታር። ይሄን ወደ ፖት ስትመልሺው በአፈሩ ክብደት ነው። የሄክታሩ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር 1.8 ሚሊዮን ኪሎ ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ አፈር 1.5 ግራም፣ 3 ኪሎ ለሚይዝ ፖት 4.5 ግራም ይደርሳል። በፖቱ አፍ ስፋት ካሰላሽው ግን፣ አፉ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 6.9 ግራም ይወጣል፤ አፈሩ 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ ጥልቀት ስለሌለው። ኖራ ሲበዛ ዚንክና ብረት ከሥሩ ይርቃሉ፣ አዲሱ ቅጠል ይገረጣል፣ አንቺም ገብሱ ኖራ አልወደደም ብለሽ ትጽፊያለሽ።

አፈሩ ከፋግታ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል። የከሰሉ ምድጃ የነበረበት ቦታ በአመድ ምክንያት ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ከዚያ የተዛቀ ሁለት አካፋ አፈር ሙሉውን ያበላሻል። ከተረፈው ጆንያ ላይ ዘርግተሽ ጥቁር የከሰል ፍርፋሪ ፈልጊ፤ ካለ ፒኤቹን ከየፖቱ ለየብቻ ለኪ። የማሳውን ታሪክም በአንድ መስመር አስገቢ።

የላብ ሰው
የሥር ፎቶ ሰው ይሰበስብልሻል፣ ግን ከፎቶው ሥር አሠራሩ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። አሲዳማ አፈር ላይ ሥርን የሚጎዳው የሚሟሟው አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ፎቶው የሚያሳየው እሱን ነው። የተለመደው 0.2 በመቶ ሄማቶክሲሊን ከ0.02 በመቶ ፖታሲየም አዮዴት ጋር፣ 15 ደቂቃ ነው። ሥሩ ከመቀለሙ በፊት በተጣራ ውሃ በደንብ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ላዩ ላይ የቀረው አሉሚኒየም ቀለም ይይዝና አሉሚኒየም የሚችለውም የማይችለውም (ስሱ) ገብስ እኩል ይጠቁራሉ። ተቃራኒውም አለ፦ ሁሉም ነጭ ሆነው ከወጡ፣ ወይ ሥሩ የበቀለበት መፍትሔ (አሉሚኒየም ያለበት ውሃ) ውስጥ ፎስፌት ገብቶ አሉሚኒየሙን አዝቅጦታል፣ ወይ ፒኤቹ ከ4.3 ተነስቶ ወደ 5 ወጥቷል። ጠዋትና ማታ መለካት ያለበት ለዚህ ነው። ገብስ ለአሉሚኒየም በጣም ስስ ስለሆነ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ብቻ ባለበት መፍትሔ ከ5 እስከ 20 ማይክሮ ሞላር አሉሚኒየም ይበቃዋል።

«ለምን ቻለ?» ማለታቸው አይቀርም። ገብስ ከሥሩ ጫፍ ሲትሬት (የኦርጋኒክ አሲድ ዓይነት) አውጥቶ አሉሚኒየሙን ያስራል፤ ማስወጫውን የሚሠራው ጂን በክሮሞዞም 4ኤች ላይ ነው። ስንዴ በዋናነት የሚያወጣው ማሌት የሚባል ሌላ አሲድ ስለሆነ ሁለቱን እንዳታምታቺ። ሲትሬቱን ካልለካሽ «ሊሆን ይችላል» በይና ተዪው።

የጮቄዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጆንያው ውስጥ የከሰል ፍርፋሪ አለ፤ ዛሬውኑ ፒኤቹን መለካት እጀምራለሁ። ስለ ኅትመቱስ?

ሥር ቆጣሪ
ኤ0 ከሆነ ገጹን ከመጀመሪያው 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር አድርጊው፤ በኋላ ሲለጠጥ ፎቶው ይደበዝዛል። ቁሙን ይሁን አግድም አዘጋጆቹን ጠይቂ። ርዕሱ ከ85 ነጥብ፣ ጽሑፉ ከ28 ነጥብ አይነስ። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሪ ፊደሉ አብሮ መታሰሩን አረጋግጪ፤ አለዚያ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ከማሳተምሽ በፊት በኤ4 አውጪና የግራፉን ቁጥሮች አንብቢ፤ እዚያ ላይ የጠፋሽን ቁጥር አሳድጊው።