መዝገብ ቤት ልግባ ወይስ ባንክ ልጠብቅ? (ጎንደር)

የማራኪዋ

ሰላም ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቄያለሁ። ሥራ ፍለጋው እንደምታውቁት ነው፣ አልተርክላችሁም። አሁን እዚሁ ከተማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሪከርድና ማህደር ባለሙያ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፣ ተመዝግቤ ተፈተንኩና አለፍኩ። ቤት ስናገር እናቴ ዝም አለች። ወንድሜ ደግሞ «መዝገብ ቤት ለመግባት ነው እንዴ ዲግሪ የያዝሽው? እዛ የሚገባው እኮ ኃላፊ የጠላው ሰው ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን ስለ ሪከርድ አያያዝ፣ ስለ መረጃ አስተዳደር፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ስንማር ደስ ይለኝ ነበር። ውጭ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው ይላሉ። እዚህስ? ዕድገት አለው ወይስ አቧራ ውስጥ ገብቶ መቅረት ነው? ባንክም አመልክቻለሁ፣ ከጠሩኝ ማለቴ ነው። በዚህ ሳምንት መልስ መስጠት አለብኝ። በሥራው ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፣ የሰሚ ሰሚ ወሬ ጠግቤያለሁ።

ግልባጭ ለመዝገብ ቤት

እህትዓለም፣ ወንድምሽ ያለው ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ብዙ ቦታ ከኃላፊ የተጣላው፣ ጤና ያጣው፣ ጡረታው የተቃረበው መዝገብ ቤት ይወረወራል። ጥፋቱ ግን የወርዋሪው ነው፣ የሥራው አይደለም።

ሰው ሥራውን ደብዳቤ ተቀብሎ ማህተም መምታት ይመስለዋል። ደብዳቤ ሲገባ መጀመሪያ አባሪውን ትቆጥሪያለሽ። «አባሪ 3 ገጽ» ተብሎ 2 ገጽ ከመጣ እዛው ያመጣው ሰው ፊት ካልተናገርሽ በኋላ ያጎደልሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ቀንና ቁጥር ሰጥተሽ ገቢ መዝገብ ላይ ታሰፍሪያለሽ። እስከዚህ ማንም ይሠራዋል። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፣ ደብዳቤው የየትኛው ጉዳይ ቀጣይ እንደሆነ አውቀሽ ከቀደመው ማህደር ጋር አያይዘሽ ለኃላፊው ማስገባት። ኃላፊው የቀደመውን ሳያይ ከመራው በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት የሚጣረሱ ውሳኔዎች ይወጣሉ፣ ባለጉዳዩም ሁለቱንም ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይሄን የምታድኚው አንቺ ነሽ። ማንም አያመሰግንሽም እንጂ።

የሠራተኛ የግል ማህደርን ተይው፣ ገና ስትገቢበት ታይዋለሽ። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜው 60 ነው፣ የሚቆጠረው ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ ባስመዘገበው የልደት ቀን ነው። ያቺ አንድ ቅጠል ወረቀት ከጠፋች በለው! አንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ጥበቃ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ ጠፍቶ ሰውየው ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ የት ተገኘ? በስምም በአባት ስምም ሞክሼው በሆነ ሌላ ሠራተኛ ማህደር ውስጥ። ማህደሩ ላይ የአያት ስም አልተጻፈም፣ መለያ ቁጥርም አልነበረውም፣ ሰው በስም ብቻ እየፈለገ ነበር የሚያስገባው። አንቺ የተማርሽው ነገር እኮ ይሄንን የሚከላከል ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ከአይጥ ይልቅ የምፈራው የካይዘን ዘመቻን ነው፣ ያ ከጃፓን የመጣው የሥራ ቦታ ማሻሻያ ዘዴ። «ማጣራት» ሲባል ሁሉም ይነሳና የቆየ ወረቀት ላይ ቀይ ካርድ እየለጠፈ ወደ ውጭ ያወጣዋል። የመንግሥት ሰነድ የማቆያ ጊዜ አለው፣ ሲወገድም በኮሚቴ ታይቶ፣ ዝርዝሩ ተይዞ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ነው። በር ላይ ቆሞ «ይሄ አይወጣም» የሚል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ፒያሳ ቆሜ

ግልባጭ እንዳለችው ነው፣ ሥራው ክቡር ነው። ግን ክቡር ነገር ኪራይ አይከፍልም። «ሙያ ነው» ሲሉሽ ደረጃው ስንት ነው በያቸው። ጄኢጂ (የሥራ ምዘናና ደረጃ አወጣጥ) መጥቶ የሥራ መደቦች በነጥብ ሲመዘኑ እኛ መሥሪያ ቤት የሪከርድ መደብ የት እንደወደቀ እኔ አውቃለሁ። ከአንቺ ጋር የተመረቀው አይሲቲ ክፍል ገብቶ ኬብል እየቀጠለ ካንቺ ይበልጥሻል። ዕድገት ልትወዳደሪ ስትይ ደግሞ ከላይ ያለው መደብ አንድ ነው፣ እዛ የተቀመጡት እትዬም ገና አልጠገቡትም።

ባንክ ግባ፣ ማለቴ ግቢ። ደመወዙም ይሻላል፣ ስትቆዪ የቤት ብድርም አለው። ሰነድ መውደድሽን በትርፍ ሰዓትሽ ውደጂው።

ካርታና ፕላን

ፒያሳ ቆሜ፣ ስለ ደረጃው እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። ግን ሁሉንም መዝገብ ቤት አንድ አታድርገው። የማራኪዋ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ የምን መሥሪያ ቤት ነው የሚለውን ነው። አንዳንድ ቢሮ ማህደሩ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። መሬት፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ወሳኝ ኩነት ግን ማህደሩ ራሱ ነው ሥራው።

እኔ መሬት ላይ ነኝ። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ከመጣ ወዲህ ይዞታ ሲረጋገጥ ከሚታዩት ዋናዎቹ አንዱ ማህደር ነው። ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል ይባላል፣ ጥሩ። ግን የተዘበራረቀ ማህደር ስካን ቢደረግ የተዘበራረቀ ፒዲኤፍ ነው የሚሆነው። ስካነር የሚገዛ ሞልቷል፣ ከስካነሩ በፊት የቱ ሰነድ የቱ ጉዳይ ውስጥ እንደሚገባ፣ በምን ስምና ቁጥር እንደሚጠራ የሚወስን ሰው ነው የጠፋው። እኛ ጋ መዝገብ ቤት የነበረች ልጅ የዲጂታል ማህደር ሥራው ሲመጣ ሌላ የሚያውቀው ስላልነበረ እሷ አስተባባሪ ሆነች።

ማስጠንቀቂያም ልስጥሽ። መሬት ማህደር ካለበት ገንዘብ ያንዣብባል። «ይቺን አንድ ገጽ ብቻ አንሽልኝ» የሚል ሰው ይመጣብሻል፣ አንዳንዴ ዘመድሽ ይሆናል። ስለዚህ ከገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት እጅሽ ላይ ያለውን ማህደር ሁሉ ገጽ በገጽ ቁጥር ስጪው፣ በእስክሪብቶ፣ ቀኝ ጥግ ላይ። 14 ገጽ የነበረው 13 ሲሆን ያን ጊዜ ይታወቃል። ማህደር ሲወጣም ወሳጁ ሳይፈርም አይውጣ፣ ኃላፊም ቢሆን። ይሄን ስታደርጊ ትጠያለሽ፣ ግን ማንም አይነካሽም።

ጎንደሬ ሆነን ይሄ ሊገርመን አይገባም ነበር። ድሮ እዚህ ከተማ ርስት የገዛና የሸጠ ሰው ከነምስክሮቹ ስም በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ያስጽፍ ነበር። ወንጌል አይጣል፣ ማንም ደፍሮ ገጽ አይቀድበት። ታማኝ መዝገብ ቤት ፈልገው እኮ ነው። ያ ጽሑፍ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪ እንጀራ ሆኗል፣ ይሄ እንኳ በቅንፍ ነው።

የቀበሌ 18 ልጅ (ሊድስ)

ዘግይቼ መጣሁ። የማራኪዋ፣ ውጭ አገር ሙያ ነው ያልሽው እውነት ነው፣ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ እንጀራዬ ስለሆነ።

እዚህ እንግሊዝ አገር መዝገብ ቤት የነበረው ሥራ አድጎ «ኢንፎርሜሽን ገቨርናንስ» (የመረጃ አስተዳደር) የሚባል ክፍል ሆኗል። በየካውንስሉ (በየአካባቢው አስተዳደር)፣ በየሆስፒታሉ አለ። ያሳደገው ሕግ ነው። የመረጃ ነፃነት ሕጋቸው ሥራ ላይ የዋለው በ2005 እ.ኤ.አ ነው፣ ማንም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ ጠይቆ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። ሕጉ ሪከርድ እንዴት መያዝ እንዳለበት መመሪያ እንዲወጣም ያዛል፣ ምክንያቱም ያልተያዘ ሰነድ ተጠይቆ አይገኝም። ሌላው የግል መረጃ ነው፣ ሰው ስለ ራሱ የያዛችሁትን ሁሉ ስጡኝ ካለ በመሠረቱ የአንድ ወር ጊዜ ነው ያለን። ቀኔ የሚያልቀው የሌላ ሰው ስም ያለበትን መስመር በማጥቆርና ኢሜይላቸውን እንዲፈልጉ ኃላፊዎችን በመጨቅጨቅ ነው። ኃላፊ የትም ኃላፊ ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። ሕጉ እኛም ጋ አለ። በአዋጅ 590/2000 መሠረት መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። መልሱን የሚፈርመው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፣ ሰነዱን ፈልጎ የሚያመጣለት ግን ማነው? በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይሄን አዋጅ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የሠራተኛ ማህደር፣ የታካሚ ካርድ፣ የፋይዳ ቁጥር የሚይዝ መሥሪያ ቤት ሁሉ ማን ምን ያያል፣ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ያኔ አዋጁን የሚያውቅ፣ ማህደሩንም በእጁ የነካ ሰው ይፈለጋል። ሕግ ያነበበ ጠበቃ ታገኛለሽ፣ ሲስተም የሚያውቅ የአይሲቲ ልጅ ታገኛለሽ፣ መዝገብ ቤት የሠራ ግን ከሁለቱም የለም።

መቼ ይፈለጋል ብትዪኝ ቀን ልቆርጥልሽ አልችልም። ፒያሳ ቆሜ ያነሳው የደመወዝ ነገርም ቀልድ አይደለም፣ እኔም እዛ ብሆን ባንኩን አስብ ነበር።

የማራኪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ፒያሳ ቆሜንም ጭምር። ባንኩ እስካሁን ዝም ነው፣ ስለዚህ ልገባ ነው መሰለኝ። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ባለጉዳይ ያለበት ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ዛሬ ሄጄ ክፍሉን አየሁት። መደርደሪያው ሞልቶ ማህደሩ በማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ ተከምሯል፣ ቁልፉ ደግሞ ሦስት ሰው ጋ ነው። ግልባጭ፣ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ግልባጭ ለመዝገብ ቤት

ርክክብ። ሌላውን ሁሉ ተይው። ያለ ርክክብ ቁልፍ እንዳትቀበይ፣ «ቀስ ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ» ይሉሻል፣ እሺ እንዳትዪ። ቀድሞ የያዘው ሰው ባለበት፣ ከአስተዳደር አንድ ሰው ቆሞ፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ ተቆጥሮ ይጻፍ። የከረጢቱን ካልቻላችሁ «ይህን ያህል ከረጢት፣ ያልተለየ፣ ይዘቱ ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ፣ ፎቶም አንሺ። ሦስቱን ቁልፍ ተቀበይ፣ ካልሰጡሽ ቁልፉ ይቀየር ብለሽ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ደብዳቤውንም ራስሽ ወጪ ቁጥር ስጪው። ባንኩ ጠርቶሽ ልትለቂ ብትዪ ክሊራንስ የሚፈርሙልሽ በዚሁ ወረቀት ነው።